ደጋው በነጻ ይሰጠው የነበረ ቅዝቃዜ፦ ስለ ጠጅ፣ ስለ ሎስ አንጀለስ መስከረምና ስለ አንዲት ትንሽ ፓምፕ

በ2003 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 2010፣ በሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ተመዘገበ። ልኬት ከተጀመረበት ከ1877 ወዲህ በመሀል ከተማው እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ የበለጠ ታይቶ አያውቅም ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቀኑ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ የወቅቱ መገጣጠም ግን አጋጣሚ አይደለም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ሙቀት የሚበረታው በኦገስትና በሴፕቴምበር ነው፤ ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ ነፋስም ከበረሃው ወደ ባሕር መንፈስ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን እነዚሁ ሳምንታት ክረምቱ የሚወጣባቸው፣ ምድሩ ገና እርጥብ፣ ሌሊቱም ገና ብርዳም የሆነባቸው ናቸው። ስለዚህ በፌርፋክስ ጎዳና አካባቢና በአጎራባቹ በፒኮ ሮበርትሰን አፓርታማዎች ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ጠጅ የሚጥል ቤተሰብ፣ አያቶቹ በቀዝቃዛ ጓዳ የጣሉትን ጠጅ እርሱ ከዓመቱ ሁሉ በከፋው ሙቀት ይጥላል።

ለዚህ ችግር አሜሪካውያን የቤት ቢራ ጠማቂዎች ያለማመዱት አንድ መሣሪያ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። የበረዶ ሣጥን፣ ወይም በአሮጌ የመስኮት ኤር ኮንዲሽነር የሚቀዘቅዝ ገንዳ፣ ውኃ ይይዛል፤ ፓምፕ ያንን ውኃ በቱቦ ወደ መጠጡ ዕቃ ይገፋዋል፤ በዕቃው ዙሪያ ወይም ውስጥ የተጠቀለለው ቱቦ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ገንዳው ይመልሳል፤ ቴርሞስታት ደግሞ ፓምፑን እንደ አስፈላጊነቱ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። ይህን ለመሥራት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ፓምፕ ልግዛ ብሎ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ኪሱ ከፈቀደለት ሁሉ ትልቁን ይገዛል። ይህ ምርጫ ለምን እንደማያዋጣ ለመረዳት፣ ቅዝቃዜ በጠመቃ ታሪክ ውስጥ መቼ የሚገዛ ነገር እንደሆነና የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደተገዛ ማየት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ደጋ ቅዝቃዜን ለጠጅ ጣዩ በነጻ ያቀርብ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ ገደማ የሆነ ከተማ ናት፤ ጎንደርም ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የጭቃ ግድግዳ፣ የአፈር ወለልና ጨለማ ጓዳ የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ብርድ አማክለው ያቆያሉ። ጋኑ ታጥቦና በወይራ ታጥኖ ከጓዳው ጥግ ይቀመጣል፤ ማሩ በሦስት፣ በአራት፣ አንዳንዴም በአምስት እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ብርዙ መፍላት ሲጀምር ጌሾው ይገባበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ የሚከናወን፣ በአመዛኙም በሴቶች እጅ የቆየ ሙያ ነው። ጠጁ ለመድረስ በሞቃት አየር አምስት ቀን ያህል፣ በቀዝቃዛ አየር ግን ከ15 እስከ 20 ቀን ይፈጅበታል።

ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። በስልክም በቃልም ወደ ውጭ አገር የተሻገረው የጠጅ አጣጣል ማሩን፣ ውኃውን፣ ጌሾውንና ቀኑን ይቆጥራል፤ ሙቀቱን ግን አይጠቅስም። ባለሙያዎቹ ሙቀትን ስለማያውቁ አልነበረም። ጋኑን ከምድጃ የሚያርቁት፣ በቆላና በደጋ የሚለያየውን ቀን የሚያውቁት እነርሱው ናቸው። ነገር ግን ቅዝቃዜው ከቤቱና ከአገሩ ጋር አብሮ የሚገኝ ስለነበር ለብቻው መጠቀስ አላስፈለገውም፤ ዋጋው ዜሮ የሆነ ግብዓት በማንኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ እንደማይታይ ሁሉ። ከአዲስ አበባ ሀያ ቀን የተባለው ጠጅ በሎስ አንጀለስ አፓርታማ በሀያ ቀን ውስጥ ደርሶ፣ አልፎ፣ ወደ ኮምጣጤነት ሊያዘነብል ይችላል። ጠጁን የሚያፈላው እርሾ ብቻ አይደለምና፤ በብርዙ ውስጥ ከእርሾው ጋር ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ አየር ካገኘም ኮምጣጤ የሚያደርጉት ይከተላሉ። ሙቀት ሲጨምር እነዚህ ሁሉ ይፈጥናሉ። እርሾው ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲፈላ ጉሮሮ የሚያቃጥሉ፣ ከበድ ያሉ የአልኮል ዓይነቶችን አብዝቶ ያመነጫል። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ ማሩን ወይም ጌሾውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ ሙቀት ላይ ነው።

አውሮፓ ቅዝቃዜን በነጻ አላገኘችም፤ ያገኘችው በወቅት ነበር። የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ በ1553 ያወጣው ድንጋጌ ቢራ እንዲጠመቅ የሚፈቅደው ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኤፕሪል 23፣ ማለትም ከቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ብቻ ነበር። በበጋ የሚጠመቅ ቢራ ይበላሽ ስለነበር መንግሥት ወቅቱን ራሱን ከለከለ። (ኢትዮጵያ በ1922 ያገኘችው የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ በዚሁ ሰማዕት ስም መጠራቱ ከዚህ ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ ሆኖም የቢራን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ እዚህ ቦታ ሲደርስ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) ከድንጋጌው በኋላ የባቫሪያ ጠማቂዎች ለሦስት መቶ ዓመታት በመሬት ውስጥ ጎተራ እየቆፈሩ፣ በክረምት ከሐይቅና ከወንዝ በረዶ እየቆረጡ እየከመሩ ኖሩ።

በእንግሊዝ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ፖርተር ጠማቂዎች ከቤት ጠመቃ ወደ ታላቅ ኢንዱስትሪ ሲሸጋገሩ ዕቃቸውም አብሮ አደገ። የኋይትብሬድ ጠመቃ ቤት በ1785 የቦልተንና ዋት የእንፋሎት ሞተር አስገባ፤ ሞተሩ ብቅል ይፈጭ፣ ውኃም ይስብ ነበር። በ1814 በለንደን የአንድ ጠመቃ ቤት ግዙፍ በርሜል ፈንድቶ ጎርፉ ሰዎችን እስከ መግደል መድረሱ የዕቃዎቹን መጠን ያሳያል። በዚህ መጠን ላይ አዲስ ችግር ተፈጠረ። ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ሙቀት ያመነጫል፤ የሙቀቱ መጠን ከመጠጡ ብዛት ጋር ያድጋል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት የዕቃው ገጽ ግን በዚያው ልክ አያድግም። የአንድ ዕቃ ይዘት ሺህ እጥፍ ሲያድግ ገጹ መቶ እጥፍ ብቻ ይሰፋል። ትልቁ በርሜል የራሱን ሙቀት ማስወጣት ተስኖት ከውስጥ ይግላል።

እንግሊዛውያን ያገኙት መፍትሔ በሚፈላው መጠጥ ውስጥ የመዳብ ቱቦ ጠቅልሎ ማጥለቅና በቱቦው ውስጥ ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውኃ ማሳለፍ ነበር። ዛሬ በፒኮ ሮበርትሰን ወጥ ቤት የሚሠራው መሣሪያ ቅድመ አያት ይህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ፣ ውኃው ጉልበት የሚያስፈልገው ወደ ላይኛው ገንዳ እስኪወጣ ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በራሱ ክብደት በቱቦው ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውኃ ላለው ሰው ከባዱ ሥራ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ ማዞሩ ቀላል ነው።

የመጨረሻው ለውጥ የመጣው ከሙኒክ ነው። የፖሊቴክኒክ መምህሩ ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ስለ ማቀዝቀዣ ማሽን የጻፈው የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ የመጀመሪያ ደንበኞቹን ያገኘው ከቢራ ጠማቂዎች ዘንድ ነበር። የመጀመሪያ ሙከራው በሙኒክ በሽፓተን ጠመቃ ቤት ተካሄደ፤ ቀጥሎ የተሻሻለው ማሽን በትሪየስት በአንቶን ድሬሄር ጠመቃ ቤት ተተከለ። ሊንደ በ1879 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ፍሪጅ ከዚህ የዘር ሐረግ የወጣ ነው፤ ከዘመናዊ የማቀዝቀዣ ምሕንድስና መነሻዎች አንዱ በበጋ ቢራ ለመጥመቅ የነበረ ፍላጎት ነው። ከዚህ በኋላ ቅዝቃዜ በድንጋጌ የሚጠበቅ ወቅት መሆኑ ቀርቶ በድንጋይ ከሰል የሚመረት ዕቃ ሆነ፤ የካፒታል ጥያቄም ሆነ። ማሽኑን መግዛት የቻለ ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ሠራ፤ ያልቻለው በጊዜ ብዛት ከገበያ ወጣ።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በኩል ነው። ከዚያ በ1963 ሜታ አቦ በሰበታ ተከተለ፤ ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ፤ በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስ ለፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን፣ በ2011 በደሌና ሐረር ለሄኒከን፣ በ2012 ሜታ ለዲያጆ ተሸጡ። ስለ እነዚህ ሽያጮች በዋጋ፣ በገብስና በውጭ ምንዛሪ ረገድ ብዙ ተጽፏል። ብዙም ያልተነሣው ጉዳይ የቅዝቃዜው ድልድል ነው። ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት በ10 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ስለሚብላላ ደጋው እንኳ አይበቃውም፤ ስለዚህ ማሽኑ፣ መብራቱና ጄኔሬተሩ ለእርሱ ሄደ። ጠጅና ጠላ የደጋው አየር ስለበቃቸው አንድም ማሽን ሳይጨመርላቸው፣ አገሪቱ ከምታመርተው ማር አብዛኛውን እየፈጁ በቤትና በጠጅ ቤት ቀጠሉ። የጠጅ ጣይዋ ሙያ በቴርሞሜትር ሳይለካ የቆየው ጓዳዋ ሥራውን ስለሠራላት ነው። ጓዳው ከሥሯ ሲወጣ ግን ሙያው አንድ እጅ ይጎድለዋል።

ጓዳው የወጣው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በጀመረው ስደት ነው። ወደ ሎስ አንጀለስ የመጡት ኢትዮጵያውያን ከኦሊምፒክ ጎዳና በስተደቡብ በፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ከፈቱ፤ በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሰፈሩን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመው። በስተ ምዕራብ ያለው ፒኮ ሮበርትሰን በይበልጥ የሚታወቀው በአይሁድ ምእመናንና በኮሸር መደብሮች ነው፤ ዝቅ ያሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ አፓርታማዎቹ ብዙዎቹ ከኤር ኮንዲሽነር ዘመን በፊት የተሠሩ ናቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ አከራይ ማሞቂያ እንዲያቀርብ ለአሥርት ዓመታት ሲያስገድድ ኖሯል፤ ማቀዝቀዣን የሚመለከት ተመሳሳይ ግዴታ ግን በግዛት ደረጃ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ የሚሆን ሳሎን ለብዙ ተከራይ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚያው ከተማ ግን ለዚህ ችግር ዝግጁ የሆነ ዕውቀት ነበር። ሞልቶዝ ፋልከንስ የተባለው፣ በአሜሪካ ከሁሉ የቆየው የቤት ጠማቂዎች ማኅበር፣ በ1974 የተመሠረተው ሙቀቱ ከፌርፋክስ በሚብስበት በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ፣ በዉድላንድ ሂልስ ነው። ያን ጊዜ በቤት ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ ገና አልተፈቀደም ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙበት የ1978ቱ ሕግ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን (757 ሊትር ገደማ) ከቀረጥ ነጻ ፈቀደ፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ለቤት ወይን የተሰጠው መጠንም ይኸው ነው፤ ከማር የሚሠራው ጠጅ ደግሞ በፌዴራል ሕግ የሚቆጠረው ከወይን ጋር ነው። የፈረንጆቹ የቤት ጠማቂዎች የኢንዱስትሪውን መፍትሔ አሳንሰው ወደ ጋራዣቸው አስገቡት፤ ቱቦው፣ ግላይኮሉ፣ ፓምፑ ከዚያ መጣ። ፓምፑ ግን ከፋብሪካው ችግር ጋር ተያይዞ የመጣ መሣሪያ ነበር፤ በአፓርታማው ውስጥ ያለው ችግር ሌላ ነው።

ሒሳቡ ይህን ያሳያል። በቤት ውስጥ የሚጣል 20 ሊትር ጠጅ 5 ኪሎ ያህል ማር ይይዛል እንበል፤ በውስጡ 4 ኪሎ ያህል ስኳር አለ። አንድ ኪሎ ስኳር ሲብላላ የሚያወጣው ሙቀት በጠማቂዎች ስሌት 587 ኪሎጁል ያህል ነው። ስኳሩ አንድም ሳይቀር ቢብላላ ጠቅላላው ሙቀት 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ከጠጁ ሳይወጣ ቢታመቅ መጠጡን ከ25 ዲግሪ በላይ ሊያሞቀው ይችላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ የሚመነጨው በብዙ ቀናት ውስጥ ነው፤ ፍላቱ በሚበረታበት ቀን እንኳ 10 ዋት ገደማ ነው። በ20,000 ሊትር የፋብሪካ ጋን ውስጥ ግን በዚያው ስሌት 10,000 ዋት ይሆናል፤ የሚወጣበትም ገጽ የለውም። የለንደን ጠማቂዎች በቱቦ የተዋጉት ይህን የውስጥ ጠላት ነበር።

በአፓርታማው ውስጥ ጠላቱ ከውጭ ነው። በ30 ዲግሪ ሳሎን ውስጥ በ20 ዲግሪ ሊቆይ የሚፈለግ፣ ያልተሸፈነ ባለ 20 ሊትር ዕቃ በገጹ በኩል ከክፍሉ የሚቀበለው ሙቀት በግምት ከ30 እስከ 40 ዋት ነው። ይህ ጠጁ ራሱ በሚበረታበት ቀን ከሚያመነጨው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ዕቃው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ባለው ፎም ቢሸፈን ይኸው ሙቀት ወደ 5 ዋት ገደማ ይወርዳል። ማንኛውም ፓምፕ ከሚያመጣው ጥቅም ይልቅ የዚህ ሽፋን ጥቅም ይበልጣል፤ ሆኖም ሽፋኑ የሚገዛው፣ ከተገዛም፣ ከፓምፑ በኋላ ነው።

ከዚህ በላይ፣ ፓምፑ ራሱ ማሞቂያ ነው። ውኃ ውስጥ ተጠልቆ የሚሠራ ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ፣ በሞተሩ ግለትም ሆነ በውኃው ሰበቃ፣ መጨረሻው እዚያው ውኃ ውስጥ ሙቀት መሆን ነው። 40 ዋት የሚበላ የኩሬ ፓምፕ ያለማቋረጥ ቢሠራ በአንድ ቀን 0.96 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ወደ ገንዳው ይጨምራል። ሀያ ሊትር ጠጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያመነጨው 0.65 መሆኑን ያስታውሷል። በበረዶ ሲተመን፦ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ይወስዳል። በተሸፈነ ዕቃ ጠጁና ክፍሉ አንድ ላይ በቀን 4 ኪሎ ያህል በረዶ ያቀልጣሉ። ያለማቋረጥ የሚሠራው ባለ 40 ዋት ፓምፕ ሲጨመር ቁጥሩ 14 ኪሎ ይሆናል፤ ሽፋኑ ከሌለ ደግሞ 22 ኪሎ። ቴርሞስታት ፓምፑን ከቀኑ ሲሶውን ብቻ ቢያሠራው እንኳ የሚጨምረው 13 ዋት፣ ጠጁና ክፍሉ ተደምረው ከሚያመጡት 15 ዋት እምብዛም አያንስም። ትልቁ ፓምፕ ቶሎ ሠርቶ ቶሎ ይጠፋል የሚለው ክርክርም አያስኬድም፤ የሥራውን ጊዜ የሚወስነው የቱቦው ርዝመትና በዕቃው ውስጥ ያለው ጠጅ ሙቀቱን የሚያቀብልበት ፍጥነት ነው፣ እነዚህም ፓምፕ በመለወጥ አይለወጡም።

ታዲያ ምን ያህል ውኃ መዞር አለበት? 15 ዋት ለማንሣት፣ ውኃው በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ በ2 ዲግሪ እንዲሞቅ ከተፈቀደ፣ በሰዓት 7 ሊትር ይበቃል። በገበያ ያሉት ትንንሾቹ የዓሣ ገንዳ ፓምፖች እንኳ በካርቶናቸው ላይ በሰዓት 200 ሊትር ይላሉ። እንግዲህ የውኃው ብዛት ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ ከፍታው ነው፤ ካርቶኑ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፦ ከፍተኛው የውኃ መጠንና ከፍተኛው የማንሣት ከፍታ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። ከፍተኛው መጠን የሚገኘው ውኃው ምንም ሳይነሣ ሲፈስ ነው፤ በከፍተኛው ከፍታ ላይ ደግሞ የሚወጣው ውኃ ዜሮ ነው። የማምረት አቅም ወሰንን የተማረ ሰው የአንድን ኩርባ ሁለት ጫፎች እንደ አንድ ነጥብ አድርጎ መሸጥ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ገንዳው ወለል ላይ፣ የጠጁ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ፣ የቱቦው ከፍተኛ ነጥብ ከገንዳው ውኃ በላይ 1.2 ሜትር ያህል ይሆናል። ቱቦው አንድ ጊዜ ከሞላ በኋላ የሚወርደው ውኃ የሚወጣውን ስለሚስበው ፓምፑ የሚታገለው ከቱቦው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው፤ ሲነሣ ግን ውኃውን እስከ ላይኛው ነጥብ ብቻውን ማድረስ አለበት። ስለዚህ ከፍተኛ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ፓምፕ ይበቃል፤ 1 ሜትር የሆነው ይጮኻል እንጂ አንድ ጠብታ አያደርስም። ዕቃውን ከገንዳው እኩል ወለል ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ይህን ጥያቄ በሙሉ ያስቀረዋል። ቱቦው እጅግ ቀጭን መሆን የለበትም፤ በዝግታ በሚሄድ ውኃ የቱቦው ውስጥ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ መቋቋሙ ወደ 16 እጥፍ ይጨምራል። ግላይኮልም ለጠጅ አያስፈልግም። ግላይኮል የሚጨመረው ውኃው ከዜሮ በታች ሲሄድ እንዳይረጋ ነው፤ ለላገር ጠማቂ ይጠቅም ይሆናል፤ በ20 ዲግሪ ለሚፈላ ጠጅ ግን ፈሳሹን ከማወፈርና ፓምፑን ከማድከም በቀር የሚሰጠው የለም።

እንዲህ ሲሆን ለዚህ ሥራ የሚስማማው በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ከ5 ዋት ብዙም የማይበልጥ፣ ከፍታው 2 ሜትር የሚደርስ፣ ለተከታታይ ሥራ የተሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። ከቀኑ ሲሶውን ቢሠራ የሚጨምረው ሙቀት ከ2 ዋት በታች ነው። የ12 ቮልቱ ሌላ ጥቅም ከውኃ አጠገብ የግድግዳ መብራት አለመዘርጋቱ ነው፤ በአሮጌ አፓርታማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዋናው መብራት የሚሠራ ከሆነ መሬት ሲነካ ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት ላይ መሰካት አለበት። ፓምፑ ውኃ አልቆበት ሲሠራ ስለሚቃጠል የገንዳውን ውኃ መከታተል ግድ ነው። ቱቦው በጠጁ ውስጥ የሚጠልቅ ከሆነ ከመዳብ ይልቅ የማይዝግ ብረት ይመረጣል፤ ጠጅ ኮምጣጣ ስለሆነ መዳብን ያሟሟል። በዕቃው ዙሪያ ተጠቅልሎ ከሽፋኑ ሥር ከተቀመጠ ግን የቱቦው ዓይነት ከጠጁ ጋር አይገናኝም፤ ጌሾውንም ለማውጣት እጅ አያስርም።

ከፓምፑ በፊት መሞከር ያለበት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የውኃ እንሥራን ላብ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 2.4 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህም ሀያ ሊትሩ ጠጅ በዕድሜው ሁሉ ከሚያመነጨው ጋር እኩል ነው። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበትና ግርጌው ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ፣ ፊት ለፊቱ ትንሽ ቬንቲሌተር ከተደረገለት፣ በሳንታ አና ደረቅ ነፋስ ወቅት በብዙ ዲግሪ ይበርዳል። ያው ነፋስ ሙቀቱንም መድኃኒቱንም አብሮ ያመጣል ማለት ነው። ድክመቱ ከባሕር ጭጋግ በሚገባባቸው እርጥበታማ ቀናት አለመሥራቱና ሙቀቱን በልክ ለመያዝ አለመቻሉ ነው፤ ፓምፑና ቴርሞስታቱ የሚያስፈልጉት ለዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያለፈ የሚሆነው በሕጉ ምክንያት ነው። ቤት የተጣለ ጠጅ ስለማይሸጥ፣ በፌርፋክስ ምግብ ቤቶች በብርሌ የሚቀርበው ጠጅ ፈቃድ ካለው የወይን ፋብሪካ በጠርሙስ የሚመጣ ነው፤ ብዙውም ጣፋጭ፣ የጌሾው ምሬት የቀለለ ነው። ጌሾው በቅጡ የሚሰማበት ጠጅ የቀረው በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበርና በዝክር ቤቶች ነው። እዚያም የሚጥሉት እናቶች እያረጁ ነው፤ ከሥራ ውለው የሚመለሱት ልጆች ደግሞ አፓርታማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞክረው፣ ሁለቱም ጊዜ ኮምጥጦባቸው፣ የእናታቸው እጅ የላቸውም ተብለው ተዉት። የጎደላቸው እጅ ሳይሆን የ2,300 ሜትር ከፍታ ነበር። ይህ በሽፋን፣ በእርጥብ ጨርቅና በባለ 5 ዋት ፓምፕ ሊተካ የሚችል ጉድለት ነው፤ እናቲቱ አጠገብ ቆማ መቼ ጌሾው እንደሚወጣ በሽታው ልታሳይ በምትችልበት ዕድሜ ላይ ሳለች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ለመስቀል የሚደርስ ጠጅ በ20 ዲግሪ ተይዞ ሁለት ሳምንት ያህል ከፈለገ፣ ጌሾው የሚገባው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ ብርዙ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀን አስቀድሞ፣ በጳጉሜን። በረዶው ለነዚያ ቀናት በተሸፈነ ዕቃ በቀን 4 ኪሎ ያህል ነው፤ የሣጥኑ ሽፋን ደካማ ከሆነ ትንሽ ይጨመርበታል። ይህን ያህል በረዶ ማታ ማታ ውኃ በላስቲክ ጠርሙሶች ሞልቶ ከፍሪጅ በረዶ ቤት በመክተት ይገኛል፤ ሌላ ማሽን አያስፈልገውም።